ከካምፑ በኋላ ይነገራታል

ሐምሌ 6፣ ሰኞ

ተረከብኳቸው። የሴቶቹ ማደሪያ የእኔ ነው፤ የብየዳው ክፍልም የእኔ ነው። ዳይሬክተር ሁ ማይክሮፎኑን ከአፉ ሳያርቅ «መምህር ታኦ ካለችልኝ እኔ እንቅልፌን እለጥጣለሁ» አለና ልጆቹ አጨበጨቡለት። እሱ ይለጥጥ። እኔ የኮረዶች ሹክሹክታና የትንኝ ጥዝጥዝታ እየሰማሁ አድራለሁ።

ሁሉም ቀይ ካናቴራ ለብሰዋል። ደረቱ ላይ ሮኬት አለበት። ካምፑ ውስጥ ሮኬት ሠርተን አናውቅም፤ አምና ዳይሬክተሩን ስጠይቀው «ለመንፈስ ነው» ብሎኛል።

ልጆቹ ከየወረዳው ተመርጠው የመጡ ናቸው። እያንዳንዳቸው ከገዛ ቤታቸው አንድ ችግር ይመርጡና ለዚያ የሚሆን ዕቃ በእጃቸው ይሠራሉ። በመጨረሻ ጎበዝ የተባሉት ጥቂቶች በእኛ ትምህርት ቤት ልዩ የሳይንስ ክፍል ቦታ ያገኛሉ። ከተራራ ለመጣ ልጅ ይህ ቦታ ምን ማለት እንደሆነ ወላጆቹ ያውቃሉ፤ ለዚህ ነው ዛሬ በር ላይ ከልጆቹ ይልቅ እነሱ ያላባቸው።

አንዲቷ ግን ሸኚ አልነበራትም። ፋን ዩሻን ትባላለች። ከምዕራቡ ተራራ ስር ብቻዋን በአውቶቡስ መጣች። ሻንጣዋን ሳታስቀምጥ በጨርቅ የተጠቀለለ በጨው የተዘፈዘፈ የዳክዬ እንቁላል ዘረጋችልኝ።

«ናይናይ ናት የላከችልዎት» አለችኝ። ናይናይ የአባቷ እናት ናት። አባትና እናቷ ደቡብ ፋብሪካ ነው የሚሠሩት፤ ጡት ከተወች ጀምሮ ያሳደገቻት አያቷ ናት።

«ከተማ ውስጥ እንቁላል የለም ብላ ነው?»

«አለ ብያት ነበር። ‹የከተማ ዳክዬ ምን በልታ ነው ደህና እንቁላል የምትጥለው› አለችኝ።»

አንዱን እራት ላይ በላሁት። አሮጊቷ እውነቷን ነው።

ሐምሌ 8፣ ረቡዕ

ዛሬ ችግራቸውን መረጡ። ሚያኦ የምትባለው ምላሰኛ፣ ታላቅ ወንድሟን ከመታጠቢያ ቤት የሚያስወጣ ማሽን እሠራለሁ አለች። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። ተራው የዩሻን ሆነ።

«ናይናይ ጆሮዋ አይሰማም። ማንቆርቆሪያውን ከሰሉ ላይ ትጥድና ጓሮ ትወጣለች። ውኃው አልቆ ማንቆርቆሪያው እስኪነድ አትመለስም። ሲፈላ ጓሮ ድረስ የሚታይ መብራት እሠራላታለሁ።»

«መብራቱንስ ካላዩት?» አለች ሚያኦ።

«ዓይኗማ የንስር ነው። ጓሮ ቁጭ ብላ ማን ከማን ጋር እንደሚሄድ የመንደሩን ሁሉ ታያለች።»

«እንግዲያው መንደሩን ትተው ማንቆርቆሪያቸውን ይዩዋ!»

ከሁሉም በላይ የሳቀችው ዩሻን ራሷ ናት። እጇ የተባረከ ነው። የመበየጃ ካውያውን ስትይዝ ትንፋሿን ዋጥ ታደርግና አትንቀጠቀጥም። የሌሎቹ ብየዳ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ የእሷ ግን ገና ከመጀመሪያው ያብረቀርቃል።

ዳይሬክተር ሁ ትከሻዋ ላይ ጎንበስ ብሎ አየና ኮሪደር ላይ ጠራኝ። «ይቺን ልጅ አጥብቀሽ ያዢልኝ። ለመዝጊያው ከክፍለ ሀገሩ ትልልቅ ሰዎች ይመጣሉ። የማዕረግ ማመልከቻሽም ዘንድሮ እኔ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ከአንድ ጥሩ ተማሪ የበለጠ ምስክር የለም» አለኝ። ስለ ማዕረጉ የጻፍኩት እሱ ስላነሳው ብቻ ነው።

ሐምሌ 11፣ ቅዳሜ

የዩሻን አባት ደወለ። ልጆቹ ምሳ ላይ ነበሩ፤ ድምፁ የደከመ ነው።

«መምህር፣ እናቴ ወድቃለች። በሯ ላይ ወድቃ ጎረቤት ነው ያገኛት። ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉ። እኔ ባቡር ተሳፍሬ አሁን ነው የገባሁት፤ የወረዳው ሆስፒታል ነን።»

«ልጅቷን አሁኑኑ አዘጋጃታለሁ።»

«አይሆንም! የደወልኩትም ለዚሁ ነው። እባክዎ እንዳይነግሯት።»

እሱ ቀጠለ። «እናቴ ራሷ ናት ያለችው። አፏ ባንድ በኩል ተጣሟል፣ ግን ትናገራለች። ዓይኗን እንደገለጠች ውኃ እንኳን ሳትጠይቅ ‹ልጅቷን እንዳትጠሩብኝ፤ ትጨርስ› ነው ያለችው። ታዲያ የእናቴን ቃል እምቢ ልበል? ሕይወቷን ሙሉ ምንም ጠይቃኝ አታውቅም።»

ምን ይባላል? እኛ ዘንድ ሩቅ ላለ ልጅ ደግ ደጉ ይነገረዋል፤ ክፉው ይቆይለታል። ፈተና አለበት፣ ይቆይ። ሥራ ሊቀጠር ነው፣ ይቆይ። እኔም የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ስፈተን አባቴ ከሞተ ሰንብቶ ነበር፤ የመጨረሻውን ወረቀት አስረክቤ ስወጣ ነው አጎቴ በር ላይ የነገረኝ። ጥሩ ውጤት አመጣሁ። ይኸው መምህር ሆንኩ። ማለት የፈለግኩት፣ ምንም አልሆንኩም።

«ቃል ይግቡልኝ» አለኝ። ገባሁለት።

ስልካቸው የሚቀመጠው እኔ መሳቢያ ውስጥ ነው፤ ከእራት በኋላ ለግማሽ ሰዓት ብቻ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ ነገሩ በእኔ እጅ ነው። በእኔ እጅ ባይሆን ይሻል ነበር።

ሐምሌ 12፣ እሑድ

ዩሻን ደጋግማ ደወለች፤ አይነሳም። «የናይናይሽ ስልክ ውኃ ውስጥ ወድቆ ተበላሽቷል፤ አባትሽ ነው የነገረኝ» አልኳት።

«አሁንም? አምናም ጎመን ስታጥብ ነው የከተተችው!» ብላ ሳቀች። ከዚያ ለሚያኦ ነገረቻት፤ ሚያኦም ሳቀች።

ውሸቴ እንዲህ ልክክ ይላል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ብትጠራጠረኝ ይሻለኝ ነበር።

ሐምሌ 14፣ ማክሰኞ

ለካምፑ ነርስ ለሊያኦ ነገርኳት። ለአንድ ሰው መተንፈስ ነበረብኝ። አልበጀኝም።

«ንገሪያታ» አለችኝ ማንኪያዋን አስቀምጣ።

«አባቷ እኮ ነው የከለከለኝ።»

«አባቷ በዓመት አንዴ፣ ለአዲስ ዓመት ነው የሚያያት። ተኝታ ያለችው ደግሞ ያሳደገቻት ናት።»

«ትድን ይሆናል።»

«ታኦ፣ እኔ ነርስ ነኝ። በዚያ ዕድሜ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም የፈሰሰበት ሰው ተነስቶ ጎመን አያጥብም።»

«ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን? ለልጅቷ ነው ወይስ ለትልልቆቹ?»

የማሾ ሾርባዬን ጠጣሁ። ሾርባው ቀዝቃዛ መሆን ነበረበት፤ ለብ ያለ ነው። ወጥ ቤቱን ልናገራቸው ይገባል።

ከዚያ ወደ ዳይሬክተሩ ሄድኩ። ይወስንልኝ ብዬ ነው። «አባትየው ካለ አለቀ። በሰው ቤተሰብ ውስጥ ምን ጥልቅ አደረገን?» አለኝ። «ደግሞስ እሷ ከሄደች ለእንግዶቹ ምን ልናሳይ ነው፣ የሚያኦን የመታጠቢያ ቤት ማሽን?»

ሳቅሁ። ለምን እንደሳቅሁ አላውቅም። ከቢሮው ስወጣ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር፤ የወሰነው እሱ ነዋ። ማዕረጉ ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

ሐምሌ 16፣ ሐሙስ

አባቷ ሁለት የተቀዳ የናይናይ ድምፅ ላከልኝ። «መናገር ሳታቆም አስቀረጽኳት። አንዱን አሁን ይስጧት፣ ሌላውን ለክፉ ቀን ያቆዩት» ይላል። እኔን የድምፅ ጎተራ አደረገኝ።

የመጀመሪያውን ከእራት በኋላ አሰማኋት። «ዩሻን፣ ሥጋ ብዪ። አይናፋርነትሽን ተዪና ሥጋውን ብዪ። ፀሐይ ላይ አትቁሚ።» ይኸው ነው። ቃላቱ ይንሸራተታሉ፤ አፏ ውስጥ ነገር የያዘች ይመስላል።

ዩሻን ግንባሯን ቋጠረች። «ምንድን ነው እንዲህ የምታወራው?»

«እንጃ፣ ጥርሷን ይሆናል…» አልኩ።

«አዎ! ጥርሷን ስታወልቅ እንዲህ ነው የምትሆነው።»

እኔ እጀምረዋለሁ፣ እሷ ትጨርስልኛለች። ከዚያ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ እንደገና ሰማችው፤ እንደገና። «የሚገርመው» አለች፣ «ናይናይ ስልክ ስታወራ ስለማትሰማ ትጮሃለች። ጎረቤት ሁሉ ነው የሚሰማት። ዛሬ ግን ቀስ ብላ ነው።»

«አባትሽ አጠገቧ ስለሆነ ይሆናል» አልኩ፤ አፌ ላይ የመጣልኝን።

«አባዬ ቤት ነው? በሐምሌ?»

ፋብሪካው ለጥገና ተዘግቶ ነው አልኳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይሏል ይኼ ነው። ደስ አላት ደግሞ። «እንኳን መጣላት፤ ብቻዋን አትሆንም» አለችኝ።

ሐምሌ 18፣ ቅዳሜ

የሙቀት መለኪያውን የማንቆርቆሪያው ክዳን ላይ ለመግጠም ዩሻን የክዳኑን መጠን ፈለገች። አባቷን ፎቶ እንዲልክ ጠየቀችው። እሱ ሆስፒታል ነው፤ ስለዚህ እህቱ የተቆለፈውን ቤት ከፍታ፣ ክዳኑ አጠገብ ማስመሪያ አቁማ አንስታ ላከች። ደህና ፎቶ ነው። ቁጥሩ ይነበባል።

ዩሻን ማስመሪያውን አላየችም።

«ማን ነው ቡታጋዙ ላይ ያስቀመጠው?»

«ማንቆርቆሪያውን?»

«ናይናይ ቡታጋዝ ትፈራለች። አባዬ ከገዛላት ጀምሮ ነክታው አታውቅም።» ጣቷን ስክሪኑ ላይ አሳረፈችና አጎላችው። «ከሰሉም ጠፍቷል። ይኸው፣ በሩ ጋ፤ አመድ ብቻ ነው።»

«በዚህ ሙቀት ማን ከሰል ያነዳል?»

«እሷ ታነዳለች። ማታ አፍናው ታድራለች እንጂ አታጠፋውም። ‹እሳቱ ያደረ ቤት ሰው አለበት› ነው የምትለው።»

ልነግራት ነበር፣ በእውነት ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ይኼኔ ሚያኦ ከወዲያ ጠረጴዛ «አያትሽ ዘምነዋል በቃ! ነገ ፀጉራቸውን ቀለም ተቀብተው ታገኛቸዋለሽ» አለች። ሁሉም ሳቀ። ዩሻንም ፈገግ አለችና ቁጥሩን ጻፈች።

ሚያኦን ልስማት ነበር። አሁን ሳስበው በጥፊ ልላት ይገባ ነበር፤ ግን ልጅቷ ምን አጠፋች?

ሐምሌ 20፣ ሰኞ

ቸኩያለሁ። አባቷ ደወለ። ከእንግዲህ አትናገርም። ዓይኗን ብቻ ትገልጣለች።

«ራሴ ይዣት ልምጣ። አንዴ አይታት ትመለስ» አልኩት።

«አይታት የምትመለስ ይመስልዎታል? እግሯን ይዛ ነው የምትቀረው። ከዚያ ያ ሁሉ ዓመት የናይናይ ልፋት ለምን ሆነ?»

«በኋላ ቢቆጫትስ?»

አለቀሰ። የሚያለቅስ ሰው እንዴት እንደሚከራከሩት አላውቅም። እሺ አልኩት።

አንዱ ፊውዝ አቃጥሎ ክፍሉ ጨልሟል፤ እየጠሩኝ ነው።

ሐምሌ 22፣ ረቡዕ

ንጋት ላይ አረፈች።

የጥርስ ብሩሽ አፌ ውስጥ ሆኖ ነው መልእክቱን ያነበብኩት። «እናቴ አረፈች። ዩሻን ከካምፑ በኋላ ይነገራታል። አደራዎን።»

ኮሪደሩ ላይ ልጆቹ ለቁርስ ሲሮጡ ዩሻን ቀይ ካናቴራዋን ለብሳ በፊቴ አለፈች። ለአያቷ ነጭ መልበስ፣ ራሷ ላይ ነጭ ማሰር ያለባት ልጅ! ቀይ ለሠርግና ለአዲስ ዓመት ነው። አላስቻለኝም።

«ያንን አውልቂው፤ ይታጠባል።»

«ትናንት እኮ ነው ያጠብኩት፣ መምህር።»

«አውልቂ አልኩሽ!»

ደነገጠች። የራሴን ነጭ ሸሚዝ ሰጠኋት፤ እጅጌው ረዝሞባት ሁለቴ አጠፈችው። ወዲያው ሚያኦ «የእኔም ይሸታል፣ ለእኔም ነጭ!» ብላ ጮኸች። እሷን ብቻ ለይቼ እንዳይሆን ሁሉንም ሴቶች ቀዩን አስወለቅኋቸው። ያገኙትን ለብሰው ሲወጡ ዳይሬክተር ሁ ደረጃው ላይ ጠበቀኝ። «ቀዩ የታለ? ፎቶ አንሺ ጠርቼ? ምን ነክቶሻል ታኦ?» ከምሳ በኋላ ሁሉም ቀያቸውን መልሰው ለበሱ።

ለአሮጊቷ ግማሽ ቀን ነው ያገኘሁላት።

ሐምሌ 23፣ ሐሙስ

ሁለተኛውን ድምፅ አልሰጣትም ብዬ ወስኜ ነበር። የሞተ ሰው ድምፅ እንዴት ይሰጣል? ግን እራት ላይ መጥታ ወንበሬ አጠገብ ቆመች። «ናይናይ ዛሬም ምንም አልላከችም?» አለችኝ። ዓይኗን አየሁት። ከመንገር መስጠት ቀለለኝ፤ ድምፁን ከፈትኩላት።

«መምህርሽ እንቁላሉን በላችው? ጣፈጣት? እሷን ስሚ። የምትልሽን እመኛት፤ የተማረች ሰው ናት።»

ዩሻን እየሳቀች ስልኩን ወደ አፌ አስጠጋችው። «በሉ ይመልሱላት! መጣፈጡን ካልሰማች እንቅልፍ አይወስዳትም። ጮክ ብለው ነው ታዲያ፤ አትሰማም።»

ጠረጴዛው ሁሉ እያየኝ ነው። ነርስ ሊያኦም እያየችኝ ነው።

«እናቴ፣ ጣፍጦኛል! እግዜር ይስጥልኝ!» ብዬ ጮህኩ።

ዩሻን ወደ አባቷ ስልክ ላከችው። ሊያኦ ሳህኗን ይዛ ተነሳችና ሄደች።

ሐምሌ 24፣ ዓርብ

ዛሬ ቀበሯት። ረፋዱ ላይ መሆኑን አባቷ ጽፎልኛል። በዚያ ሰዓት ዩሻን ሽቦ እየላጠች ነበር፤ ሬዲዮም ተከፍቶ ነበር። ሬዲዮውን ዘጋሁት። «ለምን መምህር?» አሉ። ራሴን አሞኛል አልኳቸው፤ እሱ እንኳን እውነት ነበር። ዩሻን ተነስታ ከነርስ ሊያኦ የራስ ምታት ኪኒን አመጣችልኝ። ውኃም ጨምራ።

አባቷ ሌላ መልእክት ላከ፤ «የልጅ ልጅ ስግደቱን መቃብሩ ላይ በእሷ ቦታ የእህቴ ልጅ ሰገደች»።

ለአሮጊቷ ብዬ ሥጋ አልበላሁም። ለምን እንዳልበላሁ ማንም አልጠየቀኝም።

ሐምሌ 27፣ ሰኞ

ዩሻን ስለ ናይናይ መጠየቅ አቁማለች። ሥራው ውጧታል መሰለኝ፤ ልጅ አይደለች እንዴ? ስልኩ ሲታደል እንኳን መጨረሻ ነው የምትመጣው፤ ትቀበለኝና ሳትከፍተው ትመልስልኛለች። እንዲህ መርጋቷ ለሁላችንም ጥሩ ነው።

መብራቱን ግን ቀየረችው። ትንሿን አምፖል አውጥታ ትልቅ አደረገች፤ ዛሬ ደግሞ ሌላ ጨመረች። ባትሪው አይችለውም አልኳት።

«ከሩቅ መታየት አለበት።»

«ጓሮው ስንት እርምጃ ቢሆን ነው?»

ካውያውን አስቀመጠችና እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች። «መምህር፣ ሁሉም ደህና ነው፣ አይደል?»

«ደህና ነው። ሥራሽን ሥሪ።»

እስካሁን ውሸቴን የምትጨርስልኝ እሷ ነበረች። ዛሬ አልጨረሰችልኝም። አየችኝና ካውያውን አነሳች። እጇ ተንቀጠቀጠ፤ ጣቷን ተቃጠለች። ውኃ ስር ይዤላት ቆምኩ። ትንሽ ቃጠሎ ነው፣ ያን ያህል የሚያስለቅስ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ ሊያኦ ቃጠሎውን ስታሽግላት በር ላይ ቆሜ ነበር። ስትጨርስ «ሁለት ቀን ነው የቀረው፤ አሁን ብነግራት መዝጊያው ላይ መቆም አትችልም» አልኳት።

«መጀመሪያ አባቷ አልሽ፣ ቀጥሎ ዳይሬክተሩ አልሽ፣ አሁን ደግሞ መዝጊያው» አለችኝ። «አንቺስ የት ነሽ?»

ሐምሌ 29፣ ረቡዕ

አለቀ። አሸነፈች።

አዳራሹ ሙሉ ነበር። ትልልቆቹ ሰዎች ፊት ለፊት ተቀምጠዋል፤ የአካባቢው ቴሌቪዥን መጥቷል። የሚያኦ ማሽን ውኃ ረጭቶ አንዱን ባለሥልጣን አበሰበሰው፤ ሰውየው ደግነቱ ሳቀ። ቀጥሎ ዩሻን ማንቆርቆሪያ ጣደች። ውኃው እስኪፈላ ረዘመብኝ። ከዚያ መብራቱ አዳራሹን ከዳር እስከ ዳር ቀይ አደረገው፤ ሰው ሁሉ ተነስቶ አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ጋዜጠኛዋ ምንም አታውቅም፤ ምን ታድርግ። ማይክሮፎኑን ሰጠቻት። «ለአያትሽ ምን ትያቸዋለሽ? ቤት ሆነው እያዩሽ ነው!»

ዳይሬክተር ሁ ያውቃል። ፈገግታው አልጠፋም። እኔም ከጎኑ ነበርኩ፤ ምን እመስል እንደነበር በቴሌቪዥን ስመለከት አውቃለሁ።

ዩሻን ካሜራውን አየችው። ከዚያ ባለ በሌለ ድምፅዋ ጮኸች። «ናይናይ! ሠርቷል! ሰማሽኝ? ሠርቷል!» አያቷ ጆሮዋ እንደማይሰማ ቀደም ብላ ተናግራ ስለነበር ሕዝቡ ደስ ብሎት ሳቀ። እሷ ግን አልሳቀችም። አንዴ ደግማ «ሰማሽኝ?» አለች፤ ይቺ ግን በቀስታ ነበረች።

በልዩው ክፍል ቦታ ከተሰጣቸው አንደኛዋ እሷ ናት። መስከረም ላይ የእኔ ተማሪ ትሆናለች። ዳይሬክተሩ እጄን ጨብጦ «ማዕረጉ አለቀ በዪው» አለኝ። አመሰግናለሁ አልኩት። ሌላ ምን ይባላል?

ሐምሌ 30፣ ሐሙስ

ልጽፈው አልፈልግም ነበር።

አባቷ ጠዋት መጣ። ከዚህ በፊት አይቼው አላውቅም፤ ገና በሩ ላይ አወቅሁት፣ አገጩ የእሷ ነው። ከእጅጌው ላይ ጥቁሩን የሐዘን ጨርቅ በመርፌ ቁልፍ ከተያዘበት ፈትቶ አጣጠፈና ኪሱ ከተተ። ከዚያ ሰገደልኝ። ጎንበስ ብሎ ቆየ፤ ቀና በሉ ብዬ ትከሻውን መያዝ ነበረብኝ።

«አሁን ልንገራት» አለኝ።

ግቢው መሃል ካለው ዛፍ ስር ነገራት። እኔ ደረጃው ላይ ቆምኩ፤ ልሄድም አልቻልኩም። ነርስ ሊያኦ የመድኃኒት ሣጥኖቿን ስትጭን ነበርና እሷም ቆመች።

ዩሻን አልጮኸችም። «መቼ?» አለች።

«ረቡዕ። ያለፈው ሳምንት ረቡዕ።»

«ተቀበረች?»

«ዓርብ።»

«ማን ሰገደላት?»

የአክስቷን ልጅ ስም ነገራት። ዩሻን ራሷን ነቀነቀች፤ ልጅቷን ትወዳት እንደሆነ አላውቅም። «አክስቴ ታውቃለች። አጎቴ ያውቃል። እናቴም ታውቃለች» አለች። እየጠየቀች አልነበረም። አባቷ እጇን ሊይዝ ሲል ነጠቀችው። ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደች።

«ናይናይ ናት ያለችው…» አለ አባቷ።

«ድምፁስ? መምህር ነበሩ የሚሰጡኝ።»

ዞራ አየችኝ። በዚያች ቅጽበት፣ በመጨረሻ፣ ማንም ሳያስገድደኝ ልናገር ነበር ብዬ መጻፍ እወድ ነበር።

«እሷንም እኔ ነኝ ያታለልኳት» አለ አባቷ። «ናይናይ ደህና ናት ብዬ ነው የላክሁላት። መምህርሽ ምኑንም አታውቅም። አሁን በሩ ላይ ነው የነገርኳት።» በልጅቷ ትከሻ ላይ አሻግሮ አየኝ። ልመና ነበር። ሁላችንም ዋሽተናት፣ መስከረም ላይ ብቻዋን ለምትመጣባት ከተማ የምታምነው አንድ ሰው ሊተውላት ነው።

ዩሻን ወደ ደረጃው መጣች። «አያውቁም ነበር?»

ሊያኦ ሣጥኗን ታቅፋ ታየኛለች።

«ቢያውቁማ ይነግሩኝ ነበር» አለች ዩሻን።

«እነግርሽ ነበር» አልኳት።

ሊያኦ ሣጥኑን መኪናው ላይ ጫነችና ሳትሰናበተኝ ገባች። ዩሻን ደረቴ ላይ ተደፍታ አለቀሰች። ይህን ያህል ልቅሶ ከዚያች ቀጭን ልጅ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም። አባቷ ራቅ ብሎ ቆመ፤ ሊጠጋ አልደፈረም። ጀርባዋን እየደባበስኩ «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እላለሁ፤ በዚህ አፌ።

አውቶቡሱ ሲመጣ ፊቷን በሸሚዜ ጠረገች። «ለቀብሯ ስላልደረስኩ መቃብሯ ላይ ብቻ ሄጄ እሰግድና እመለሳለሁ፣ መምህር። እዚያ ቤት አልቀመጥም። ሁሉም ውሸታም ነው። እርስዎ ጋ ነው የምመጣው።»

«እሺ» አልኳት። «እጠብቅሻለሁ።»